ለልጄ በልኩ የሚሠራ ማውዝ ጋርድ፦ ባሕር ዳር ያሠራችሁ አላችሁ?

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ኅዳር 9፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ገጽ ላይ አንብቤ ዝም የምል ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ቴኳንዶ ይሠራል። ትናንት ልምምድ ላይ ከጓደኛው ጋር ሲጋጠሙ እግር ከአገጩ ሥር ገባ። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጫፍ ተሸረፈ። ደሙ ብዙ አልነበረም። እሱም ብዙ አላለቀሰም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ማውዝ ጋርድ (አፍ ውስጥ የሚደረግ የጥርስ መከላከያ) አለው። ከስፖርት ዕቃ ሱቅ ገዝቼለታለሁ፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው የሚነክሱት ዓይነት። «የት ነበር?» ስለው «ካልሲዬ ውስጥ» አለኝ። ካልሲ ውስጥ! «ያቅለሸልሸኛል፣ ስናገር ይወድቃል» ይላል። አሠልጣኙ ሲያየው ያጠልቀዋል፤ አሠልጣኙ ዞር ሲል ያወጣዋል።

ሽራፊዋን ምንጣፉ ላይ ፈልገን አገኘናት። አሁን ፍሪጅ ውስጥ፣ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ናት። ባለቤቴ ሳያውቅ ሻይ ላይ ሊጨምራት ምንም አልቀረው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። በጥርስ ሐኪም በልኩ የሚሠራው ጋርድ ገንዘቡን ያወጣል? እዚህ ከተማ ይሠራል? ጥር መጨረሻ ላይ ውድድር አለበት። አባቱ «በካልሲው ሌላ ጋርድ ይጨመርለት» ብሎ እየቀለደ ነው።

ሀና ዱል ሴት | ኅዳር 9፣ ማታ 2፡40

አይዞሽ እህቴ። እኔም አሠልጣኝ ነኝ፤ የልጅሽ ግን አይደለሁም፣ እንዳትቀየሚኝ። የሱቁ ይበቃል። በደንብ አፍልቶ በደንብ ማስነከስ ነው። ልጆች ሰነፍ ናቸው፣ ሰበብ ይወዳሉ። በዚያ ላይ ጋርድ ለጭንቅላትም መከላከያ ነው። ለውድድር ደግሞ ቀለሙን ተጠንቀቂ። በዓለም ቴኳንዶ ሕግ ነጭ ወይም ግልጽ መሆን አለበት። ብዙ ወላጅ ጥቁርና ሰማያዊ ገዝቶ ይመጣና ውድድር ቀን በር ላይ ይጨቃጨቃል።

ግራ እጅ | ኅዳር 9፣ ማታ 3፡05

በቦክስ ደግሞ ቀይ አይፈቀድም። ደም መሆኑና አለመሆኑ አይለይማ።

እኛ ድሮ ስንቦክስ ጋርዱ አንድ፣ ተጋጣሚው ብዙ ነበር። አንዱ ከሪንግ ሲወርድ በውኃ ለቅለቅ አድርጎ ለሌላው ይሰጣል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የሚገርመው ለማንኛችንም ልክ አልነበረም። እንዳይወድቅ ነክሰህ ነው የምትይዘው። ነክሰህ ስትይዝ ደግሞ ትንፋሽ ያጥርሃል። ሦስተኛው ዙር ላይ መንጋጋዬ ከተጋጣሚዬ ቡጢ በላይ ያመኝ ነበር።

ክራንቻ | ኅዳር 9፣ ማታ 4፡30

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ማስታወቂያ እንዳይመስል ክሊኒኬን አልናገርም። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

እህቴ፣ ሽራፊዋን ወተት ውስጥ ማስቀመጥሽ ጎበዝ ያሰኛል። ነገ ጠዋት ይዘሻት ሂጂ። ሙሉ ከሆነች መልሶ ማጣበቅ ይቻላል፤ ካልሆነም በኮምፖዚት፣ ማለትም ጥርስ በሚመስል መሙያ ይሞላል። ራጅ ይነሣ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ተመልሶ ይታይ፤ ከዓመት በኋላም እንደዚሁ። የተመታ ጥርስ ዛሬ ደህና መስሎ ቆይቶ ውስጡ ሊሞት ይችላል። ወደ ግራጫ ከዞረ፣ ወይም ድዱ ላይ ብጉር የሚመስል ነገር ከወጣ ቀጠሮ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ጋርዱ። ልጅሽ «ይወድቃል» ያለሽ ሰበብ አይደለም። የምሩን ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ምንም የማይለሰልስ ዓይነት አለ፤ ግራ እጅ የተረከው እሱን ነው። እሱን ተዉት። ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚነከረው ይሻላል፤ ግን ሰው ጥርሱን ሲያሳርፍበት ወይ ጠንክሮ ይነክሳል፣ ወይ ጠምዘዝ ያደርገዋል። ጠንክሮ ሲነከስ ፕላስቲኩ መከላከል ባለበት ቦታ ላይ ይሳሳል። ከኋላ ደግሞ ረዝሞ ላንቃ ይነካል። የሚያቅለሸልሸው እሱ ነው። ያ ልጅ ጋርዱን ካልሲ ውስጥ ቢከተው ምን ይገርማል?

በልክ የሚሠራው እንዲህ ነው። አልጂኔት የሚባል ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ ሊጥ ይመስላል። በትሪ ሆኖ አፍ ውስጥ ይገባና ሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ሲወጣ የጥርሱን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። እዚያ ላይ ጄሶ ይፈስሳል። ጄሶው ሲደርቅ የልጅሽ ጥርስ እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ኢቪኤ የሚባል ፕላስቲክ ሉህ ይሞቃል፤ የሩጫ ጫማ ሶል ውስጥ ያለው ስፖንጅ የዚሁ ዘር ነው። ሲለሰልስ ጄሶው ላይ ይወርድና አየሩ ከሥር ተስቦ ይጣበቃል። በግፊት የሚሠራ ማሽን ካለ ደግሞ ሁለት ሉህ ይደረባል፤ የተሻለ የሚባለው እሱ ነው። ሉህ ሲሳብ ይሳሳል። የ4 ሚሊ ሜትር ሉህ 4 ሆኖ አይቀርም። የፊት ጥርስ ላይ 3 ሚሊ ገደማ እንዲተርፍ ነው የምንለፋው። ከዚያ ጠርዙ ይቆረጣል፣ የከንፈር ጅማት ያለበት ቦታ ይከፈታል፣ የታችኞቹ ጥርሶች እኩል እንዲያርፉበት ይስተካከላል።

ጥሩ ጋርድ አፍ ሲከፈት አይወድቅም። ሳይነክሱት ይቆማል። ማውራት ያስችላል፣ ውኃ ያስጠጣል። ከዚህ አንዱ ከጎደለ መልሱት።

አሠልጣኝ፣ አንድ ነገር ላርምህ። ጋርድ ምቱን ለብዙ ጥርስ ያከፋፍላል። ከንፈርና ጉንጭ በገዛ ጥርስ እንዳይቀደድ ይለያል። እግር ከአገጭ ሥር ሲመጣ የታችኛው መንጋጋ ላይኛውን እንዳይደቁሰው ይይዛል። ጭንቅላትን ከመናወጥ ያድናል ማለት ግን አያስተማምንም። ልጅ ተመትቶ ከዞረበት ጋርድ አደረገም አላደረገም ከሜዳ ይውጣ።

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ኅዳር 9፣ ማታ 4፡50

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ይቅርታ ልጠይቀው ነው።

አወያይ | ኅዳር 10፣ ጠዋት 1፡20

የክሊኒክ ስምና ስልክ እዚህ አትለጥፉ። በውስጥ መስመር ተጻጻፉ። ሦስት አስተያየት አጥፍቻለሁ።

ሩር | ኅዳር 10፣ ቀን 6፡10

ኧረ ጎበዝ! ምን ጉድ ነው? እኛ ዘጌ ዳር ገና ስንጫወት ያደግነው በባዶ እግር ነው። ዱላው ዱላ ነው፣ ሩሩ እንጨት ነው። ማን ጋርድ አደረገ? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተባብለን ደሙን ጠርገን እንቀጥል ነበር። ይሄ የሀብታም ወሬ ነው።

ግራ እጅ | ኅዳር 10፣ ቀን 6፡25

ወንድሜ ሩር፣ ስንት ጥርስ አለህ?

ሩር | ኅዳር 10፣ ቀን 6፡31

ከፊት አንድ ይጎድላል። እሱ ግን በገና ሳይሆን በሠርግ ነው 😄

ባለ ሳይክሉ | ኅዳር 10፣ ማታ 1፡30

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ሁላችንም ያደግነው ሳይክል ላይ ነው። እኔ ከአባይ ድልድይ ወዲህ ባጃጅ ድንገት ቆመብኝና ከኋላው ተላተምኩ። የፊት ጥርሴ ከነሥሩ ወጣ። አንድ ደግ ሰው አንስቶ በሶፍት ጠቀለለልኝ። እኔም ኪሴ ከትቼ እቤት ገባሁ፣ ልብስ ቀየርኩ፣ ከዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። የታየሁበት ቦታ ጥርሱን አይተው «ጣለው» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ የለም። ዛሬ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው ያለኝ። እንቅልፍ ላይ ብርጭቆ ውስጥ ያድራል። ዶክተር፣ ያ ጥርስ ይድን ነበር?

ክራንቻ | ኅዳር 10፣ ማታ 2፡20

እርግጠኛ ሆኖ ይድን ነበር የሚል የለም። ሶፍቱ ግን ገድሎታል። የጥርስ ሥር ላይ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዙ ሕይወት ያላቸው ስስ ክሮች አሉ። ሲደርቁ ይሞታሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቆ የቆየ ጥርስ ተመልሶ ቢተከል እንኳ ሥሩ ቀስ በቀስ የመሟሟቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ጥርስ ላይ ቃል በቃል ነው።

ሲወጣ ነጩን ያዙ፣ ሥሩን አትንኩ። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአፍታ ለቅለቅ። አትሹት፣ በመፋቂያ አትፈግፍጉት። ሰውየው ራሱን የሚያውቅ ከሆነ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ መልሱት፤ ፊትና ኋላውን ለዩ። ንጹሕ ጨርቅ ያስነክሱትና ወደ ሐኪም። መመለስ ካቃታችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ የሚመጣውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።

የዘጌ ቡና | ኅዳር 10፣ ማታ 2፡35

ዶክተር፣ አምስት ቀን ቆይቶ ጾመ ነቢያት ይገባል። በጾም ወተት ከየት ይመጣል? 😂 አረቄ ይሆናል?

ክራንቻ | ኅዳር 10፣ ማታ 2፡44

አረቄ ክሮቹን ያቃጥላል። ለአንተ እንጂ ለጥርሱ አይሆንም። እርጎም አይሁን፣ ይጎመዝዛል። የጣና ውኃም ይቅርብህ።

ወተት ከሌለ ተጎጂው በትንሽ ብርጭቆ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ እዚያ ውስጥ ይሁን። ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ሳላይንም (ንጹሕ የጨው ውኃ) ይሆናል። ተራ ውኃ ደካማ ምርጫ ነው፤ ከሶፍት ግን ይሻላል።

የመተሐራ ልጅ | ኅዳር 11፣ ቀን 7፡00

እኔ ያደግኩት መተሐራ ነው። ጥርሴ በውኃው ፍሎራይድ ቡናማ ነው። እዚህ ለሥራ መጥቼ እግር ኳስ እጫወታለሁ። ጋርድ ለማሠራት ችግር አለው?

ክራንቻ | ኅዳር 11፣ ቀን 8፡12

የለውም። ቀለም ልክ አይቀይርም። የተፈረፈረ ጥርስ ካለ ግን መጀመሪያ ይሞላ።

በረኛዋ | ኅዳር 12፣ ማታ 1፡05

እኔ የሴቶች ቡድን በረኛ ነኝ። ጥርሴን ሽቦ አስሬያለሁ። ኳስ ፊቴን ሲመታኝ ከንፈሬ ውስጥ በሽቦው ይቀደዳል። ጋርድ ይደረጋል እንዴ? ጥርሴ እየተንቀሳቀሰ አይደል?

ክራንቻ | ኅዳር 12፣ ማታ 2፡00

ይደረጋል፤ እንዲያውም ላንቺ ከማንም በላይ ያስፈልግሻል። ቴክኒሺያኑ ጄሶው ላይ ሽቦውን ይሸፍንና ጥርሱ ሊሄድ ወዳሰበበት ቦታ ክፍተት ይተዋል። ያም ሆኖ በየጊዜው መቀየር አለበት። ጥርስሽ ሄዶ ጋርዱ ከቀረ ወደኋላ ይጎትተዋል። የሽቦ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አታሠሪ።

በረኛዋ | ኅዳር 12፣ ማታ 2፡10

ላይኛው ላይ ብቻ ነው ወይስ ታችም?

ክራንቻ | ኅዳር 12፣ ማታ 2፡13

አብዛኛው ሰው ላይኛው ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚመታው እሱ ስለሆነ። የታችኛው መንጋጋው ወደፊት የወጣ ሰው ግን ከታች ይሠራለታል። የላይኛው ጥርሱ ወደፊት የገጠጠ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቶሎ አስቡበት፤ ከሌላው ልጅ ይልቅ የሚሰበረው የእሱ ነው።

እንቅልፍ የለሽ | ኅዳር 14፣ ሌሊት 6፡40

እኔ ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ። ባለቤቴ «ወፍጮ ቤት ያደርኩ መሰለኝ» ትላለች። የቴኳንዶውን ጋርድ ማታ ባደርገውስ?

ክራንቻ | ኅዳር 14፣ ጠዋት 1፡15

አታድርገው። የስፖርቱ ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ነገር አንዳንድ ሰው ላይ ማኘኩን ያብሰዋል። የሌሊቱ በአብዛኛው አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል፣ ቀጭን ነው፣ ነከሳው በሐኪም ይስተካከላል። ስሙ ይቀራረባል እንጂ ሥራው ሌላ ነው።

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ታኅሣሥ 2፣ ማታ 1፡50

ተመለስኩ። ሽራፊዋ ተጣበቀች! ብርሃን ላይ ካልሆነ መስመሯ አይታይም።

ጋርዱ ግን ጣጣ ሆነ። አንድ ክሊኒክ ሄድን። ስሙን አልናገርም። «እኛ ልክ እንወስዳለን፤ ሥራው አዲስ አበባ ነው» አሉን። ጥሩ። ልጁ ያን ሊጥ አፉ ውስጥ ይዞ እንባው ወረደ፣ ግን ቻለው። ከዚያ ልኩን በፌስታል አድርገው በማግሥቱ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ሰጡት። ከ10 ቀን በኋላ ጋርዱ መጣ። አምሮበታል፣ ግልጽ ነው፣ ያብረቀርቃል። ልጁ አፍ ውስጥ አልገባ አለ። በግድ ስናስገባው ደግሞ አንድ ጎን ተንሳፈፈ። «ይለምደዋል» አሉኝ። ዶክተር፣ ይለመዳል?

ክራንቻ | ታኅሣሥ 2፣ ማታ 2፡30

አይለመድም። ጥፋቱ የት እንደሆነ ከዚሁ ይታየኛል። አልጂኔት አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው። አየር ላይ ሲቆይ ውኃው ይወጣና ይጨማደዳል። ጄሶው እዚያው፣ በደቂቃዎች ውስጥ መፍሰስ ነበረበት። የተጨማደደ ልክ ላይ የፈሰሰ ጄሶ የልጅሽ ጥርስ አይደለም፤ የሌላ ትንሽ ልጅ ጥርስ ነው። የአዲስ አበባው ቴክኒሺያን የተሰጠውን ነው የሠራው።

እንደገና ይወሰድ። ጄሶው እዚሁ ባሕር ዳር ይፍሰስ። ደርቆ ጠንክሮ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ይሂድ። ጄሶ መንገድ አይጎዳውም፣ እንዳይወድቅ ብቻ። ገንዘብ ድጋሚ እንዳትከፍዪ።

ሀና ዱል ሴት | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 1፡10

እኔም የምናዘዘው አለ። ዛሬ ልምምድ መሐል ድንገት አስቆምኩና ካልሲ አስወለቅኩ። ከግማሽ በላይ ልጆች ጋርዳቸው ካልሲ ውስጥ ነበር! አንዱ ቀበቶው ውስጥ ሸጉጧል። አንዷ «ቤት ረሳሁት» አለችኝ፤ እሷ እንኳ ሐቀኛ ናት። ሰነፍ ናቸው ያልኩትን አንስቻለሁ። አንድ በአንድ አፋቸውን አስከፍቼ አየሁ። የአብዛኞቹ አፍ ሲከፈት ጋርዱ ምላስ ላይ ይወድቃል። ሁሉም በሐኪም ያሠራ አልልም፣ የሁሉም ወላጅ አይችልም። ቅዳሜ ግን የወላጅ ስብሰባ ጠርቻለሁ። ፈልቶ የሚነከሰውን ራሴ እያስነከስኩ፣ ከኋላ የረዘመውን በመቀስ ላሳጥርላቸው ነው። ዶክተር፣ ይቻላል?

ክራንቻ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 1፡45

ይቻላል፣ ከማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ ተከተል። ቀስ ብለው ይንከሱ፣ በጣት ከውጭ ከንፈራቸው ላይ ጫን፣ ምላሳቸው ከውስጥ ይግፋ። ጠርዙ ሻካራ እንዳይቀር። የማኘኪያ ጥርስ ላይ ግን አሳጥረህ እንዳትጨርሰው።

ግራ እጅ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2፡20

ይኼ ነገር ድሮም የተጀመረው በቦክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ክራውስ የሚባል የለንደን የጥርስ ሐኪም ቦክሰኞች ከንፈራቸው እንዳይቀደድ ጉታ ፐርቻ የሚባል የዛፍ ሙጫ በላይኛው ጥርሳቸው ላይ ይለጥፍላቸው ነበር። ጀማሪው የጥርስ ሐኪም ነው እንጂ የስፖርት ሱቅ አይደለም።

ክራንቻ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2፡29

ያ ጉታ ፐርቻ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሩት ካናል (የጥርስን ሥር ከውስጥ የመጥረግ ሕክምና) ስንሠራ የተጠረገውን ሥር የምንሞላው በእሱ ነው። ያኔ ጥርስ ከመመታቱ በፊት፣ ዛሬ ከተመታ በኋላ።

ሩር | ታኅሣሥ 30፣ ጠዋት 4፡00

እንኳን አደረሳችሁ። የሀብታም ወሬ ነው ያልኩት ሰውዬ ነኝ።

ትናንት ዘጌ ለገና ሄደን ነበር። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሩር አወጡ። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ዱላ ወደ ላይ ሲነሣ አፉ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ። ሁሉም ይጮኻል። እናቱ ነጠላዋን ይዛ «በዚህ ጠቅልሉት» ትላለች። እኔ እዚህ ገጽ ላይ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። «ማንም አይጠቅልል!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ያበድኩ መሰለው።

ጥርሱን ሣር ውስጥ ስንፈልግ ጊዜ ሄደ። ምናልባት ሩብ ሰዓት። በነጩ በኩል ያዝኩት። ጾም ተፈትቷል፣ ወተት ሞልቷል። ለቅለቅ አደረግሁት። ልመልሰው ነበር፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልጁም እንቢ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ወተት በሞላ የቡና ሲኒ ውስጥ አድርጌ፣ ሲኒውን ደረቴ ላይ ይዤ ሞተር ላይ ወጣሁ። ልጁ መሐል፣ እኔ ከኋላ። ከጉድጓድ ጉድጓድ ስንዘል ወተቱ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ቀረ።

በዓል ነው፣ ክሊኒኩ ሁሉ ዝግ። ሆስፒታል ድንገተኛ ገባን። ተመልሶ ተተከለ፣ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር በቀጭን ሽቦ ታሰረ። የቴታነስ መርፌም ተወጋ። ሁለት ሳምንት ታስሮ ይቆያል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ሩት ካናል ይጀመርለታል ብለውናል። ይዳን አይዳን ገና አይታወቅም፤ ሐኪሙ «ሥሩን በራጅ እየተከታተልን እናያለን» ነው ያለው።

ባለ ሳይክሉ | ታኅሣሥ 30፣ ጠዋት 4፡20

ሩር ወንድሜ፣ እኔን እንዳንተ ያለ ሰው ቢያገኘኝ ኖሮ።

ክራንቻ | ታኅሣሥ 30፣ ቀን 6፡05

በእርጥቡ አድርሰኸዋል። ጥሩ ዕድል አለው። ለስላሳ ምግብ ይብላ፣ ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ ያጽዳ። ሲድን ደግሞ ወደ ሩር የሚመለሰው በጋርድ ነው፣ እሺ?

ሩር | ታኅሣሥ 30፣ ቀን 6፡15

ለገና ጨዋታ ጋርድ! አያቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይስቅብኛል። እሺ።

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ጥር 8፣ ማታ 3፡00

ሁለተኛው ጋርድ መጣ። በሌላ ክሊኒክ ነው ያሠራነው። ልክ የወሰደችው ልጅ እዚያው ፊታችን ጄሶውን አፈሰሰች። ልጄ አጠለቀው፣ ጠቅ አለ። አፉን ከፈተ፣ አልወደቀም። ጮክ ብሎ በኮሪያኛ «ሀና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት» ብሎ ቆጠረ። ውኃ ጠጣበት። ከዚያ ራት ላይ አላወልቅም አለ!

አባቱ ግን ሊያበላሸው ነበር። «ጀርም እንዳይኖረው» ብሎ የፈላ ውኃ ሊያፈስበት ሲል ደረስኩ።

ክራንቻ | ጥር 8፣ ማታ 3፡20

ኧረ በፍጹም! ቅርጹ ይጠፋል። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ብሩሽ። ደርቆ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይዋል፤ የባሕር ዳርን ፀሐይ ታውቃላችሁ። ደግሞም 12 ዓመቱ ነው። ጥርሱ ገና እየወጣና እየተደላደለ ስለሆነ ይህ ጋርድ ዘላለማዊ አይደለም። ውድድር በመጣ ቁጥር ልኩን አሳዩት። ጄሶውን ጠይቀሽ ወስደሻል? ጋርዱ ቢጠፋና ጥርሱ ካልተለወጠ በዚያው ላይ ሌላ ይሠራል፤ ሊጡን ድጋሚ መንከስ አይኖርበትም።

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ጥር 27፣ ማታ 1፡30

ውድድሩ አለፈ። በሁለተኛው ጨዋታ ተሸነፈ። እግር ደግሞ እዚያው አገጩ ሥር ገባበት፤ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። እሱ ዳኛውን አይቶ ቀጠለ። ጥርሱ ሁሉ አለ። ካልሲውን ፈተሽኩ፣ ባዶ ነው።

ሀና ዱል ሴት | ጥር 27፣ ማታ 1፡42

አየሁት እኮ። የኔ ተማሪ ነው ያሸነፈው፣ ይቅርታ 😄 እህቴ፣ ጄሶውን አስቀመጥሽው?

የጊዮርጊስ ጎረቤት | ጥር 27፣ ማታ 1፡50

ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከቡና ሲኒዎቹ አጠገብ ነው። እንግዳ ሲመጣ አባቱ አውርዶ ያሳያል። ትናንት አንዷ ጎረቤታችን «የማን አያት ነው?» አለችው።